አጎቴን ከቀዝቃዛው ወንበር ያስነሳችው ሴትዮ

ትናንት እኩለ ቀን ላይ... ሻራቩ፣ ያ የበረሃ ሙቀት፣ ኪርያት ማላኺ ከተማን እያነደዳት፣ የጫማዬ ሶል አስፋልቱ ላይ እየተጣበቀ አጎቴ ቤት ደረስኩ።

እኔ የምኖረው ሌላ ከተማ፣ ገዴራ ነው። እዚያ የሄድኩት የአጎቴ ልጅ ደውሎልኝ ነው። እሱ ያቭነ ፋብሪካ ውስጥ ፈረቃ ላይ ነበር። «አባዬ ስልክ አያነሳም። አየር ማቀዝቀዣው ማዝጋን ከተበላሸ ሰነበተ፣ ቤቱ ምድጃ ሆኗል። ጠጋኙ ደግሞ በዚህ ሙቀት ሁሉም ሰው እየጠራኝ ነው እያለ አልመጣም። እባክሽ እይልኝ» አለኝ።

አጎቴን አያ ታደለ ነው የምንላቸው። መጨረሻው ፎቅ ላይ፣ ከጣሪያው ሥር ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። በሩን ሲከፍቱልኝ ከውስጥ የወጣው ወበቅ ፊቴን መታኝ። ሸሚዛቸው ጀርባቸው ላይ ተለጥፏል።

«አያ፣ ስልኩን ለምን አያነሱም?»

«ሰምቼው ነበር። መነሳቱ ነው ያቃተኝ።»

ገዴራ ይዣቸው ልሂድ ስል «በዚህ ፀሐይ አውቶቡስ ስጠብቅ አልቆምም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ፌርማታው አጠገብ ጥላ የሚሆን አንድ ዛፍ የለም። ዛፍ የሚተከለው ሌላ ሰፈር ነው።

ከሕንጻው ማዶ ክሊኒክ አለ። ውስጡ ቀዝቃዛ ነው። ፀሐይዋ እስክትበርድ እዚያ እንቀመጥ ብዬ ይዣቸው ወረድኩ።

ግማሹ ወንበር ባዶ ነበር። አያ ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ... ትንፋሻቸው ሲረጋጋ አየሁ። ውሃ ልቀዳላቸው ስነሳ መቀበያው መስኮት ጋ ያለችው ፀሐፊ ጠራችኝ።

«ቶር አላችሁ?»

«ቀጠሮስ የለንም። ቤታቸው ያለው ማዝጋን ተበላሽቶ ነው። ትንሽ እዚህ ይረፉ።»

«ሞቴክ፣ የኔ ማር፣ ይሄ ክሊኒክ ነው እንጂ መናፈሻ አይደለም። ለአንዱ ከፈቀድኩ ነገ ሰፈሩ በሙሉ እዚህ ይሰፍራል።»

ሰፈሩ በሙሉ... እኛን ሐበሾቹን ማለቷ እንደሆነ የጠፋኝ መሰላት።

«ይስፈራ! ሽማግሌ ባዶ ወንበር ላይ ቢቀመጥ ምንሽ ይጎድላል?»

«አትጩሂብኝ። ጥበቃ እጠራለሁ።»

ከኋላዬ ስልኩን የሚነካካ አንድ ሰውዬ ነበር። ቀና እንኳ ሳይል «ከአፍሪካ መጥተው ሙቀት አይችሉም እንዴ?» ብሎ ሳቀ።

ደሜ ፈላ። «እሳቸው ያደጉበት አገር በኦገስት ጋቢ ይለበሳል፣ አንተ ደንቆሮ!» አልኩት።

ይሄን ሁሉ የተባባልነው በዕብራይስጥ ነው። አያ ብዙም አይገባቸውም ብዬ ነበር... ግን ቆባቸውን አስተካክለው ተነሱ።

«ነይ ልጄ፣ እንሂድ።»

«አያ፣ ይቀመጡ! የትም አንሄድም!»

«ተለምኖ የሚገኝ ጥላ ይቅርብኝ። እንሂድ አልኩሽ።»

ትልቅ ሰው እጁን ይዤ ልጎትት? ተከትያቸው ወጣሁ።

ጥቂት እንደሄድን አንድ ግንብ ላይ ቁጭ አሉ። ግንባራቸው ላይ የነበረው ላብ ደርቋል። እኔማ ደህና የሆኑ ነው የመሰለኝ። የውሃ ጠርሙሴን አቀበልኳቸው። በእጃቸው ገፋ አደረጉት።

«ለልጆቹ ስጪ።»

«የትኞቹ ልጆች?»

«ከኋላ ያሉት። ሱዳን እስክንገባ ሌላ ውሃ የለም።»

አያ በእግራቸው ወደ ሱዳን የተሻገሩት እኔ ሳልወለድ ነው። ስለዚያ መንገድ ስንጠይቃቸው አንድ ቀን እንኳ መልሰውልን አያውቁም። አሁን ግን ዓይናቸው እኔን አያይም... የሆነ ሌላ ቦታ ነው ያለው። ክንዳቸውን ስይዘው እሳት ነው።

ወደ ክሊኒኩ ሮጥኩ። ምን ብዬ እንደጮህኩ አላውቅም። አንዲት ነርስ ከውስጥ ክፍል ወጥታ ከጥበቃው ጋር ተሸክመው አስገቧቸው። ሸሚዛቸውን ከፈተች፣ ብብታቸው ሥር በረዶ አደረገች፣ አምቡላንስ አስጠራች።

«የደም ግፊት ክኒን ይወስዳሉ?» አለችኝ።

«አዎ። ሽንት የሚያበዛውን።»

«በዚህ ሙቀት እሱም ውሃቸውን እያሟጠጠው ነው። በጋው በየዓመቱ እየባሰ ነው። የሚያመጡልኝ ደግሞ ሁልጊዜ ሽማግሌ ነው፣ ሁልጊዜ ብቻውን የሚኖር ሰው።»

ፀሐፊዋ ከመስኮቷ ወጥታ ቆማለች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«መታመማቸውን ለምን አልነገርሽኝም?» አትለኝም!

«ስታስወጫቸው አልታመሙም ነበር!» አልኳት። «አንቺ ነሽ ያሳመምሻቸው!»

አምቡላንሱ ሲመጣ አብሬያቸው ገባሁ።

አያ ሆስፒታል አደሩ። ልጃቸው ከፈረቃው በቀጥታ መጥቶ፣ የሥራ ልብሱን ሳያወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ዛሬ ጠዋት በስሜ ጠሩኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ስለ ሱዳኑ ብጠይቃቸው «ምን ብዬ ነበር?» አሉኝ። አላስታውስም ነው የሚሉት... ወይም ማስታወስ አልፈለጉም። ሲወጡ የሚመጡት እኔ ጋ ነው፣ ክርክር የለም።

ዛሬ የክሊኒኩን ኃላፊ ሄጄ አነጋገርኩት። «እናጣራለን» አለኝ። ምኑን ነው የምታጣራው? ወንበሩ ባዶ እንደነበረ ነው?

አንዳንዶቻችሁ «ተይው፣ እሷም ሥራዋ ነው» ብላችሁ ልትጽፉልኝ ነው። አትጻፉልኝ። ይልቅ ላይኛው ፎቅ ብቻቸውን ለሚኖሩ እናቶቻችሁና አባቶቻችሁ አሁኑኑ ደውሉ። ካላነሱ ሂዱ።

ሙቀቱ ነገ ይበርዳል እየተባለ ነው... እኔ ግን ገና አልበረድኩም።