የእትዬ ዘምዘም ምሥራች

«ካንሰር አይደለም!» አለን ሐኪሙ። የእትዬ ዘምዘም ልጅ ሐያት እልልታውን አቀለጠችው። እኔም እልል አልኩ፤ ውስጤ ግን በቅናት እርር አለ።

ጎረቤታችን እትዬ ዘምዘም ከቆሽታቸው አጠገብ ያበጠ ንፍፊት በቀዶ ጥገና ወጥቶላቸው፣ ዛሬ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ውስጥ ውጤቱ ተነገረን። የእሳቸው ብዙ ሰው ላይ የማይታይ ሌላ በሽታ ነው፤ እብጠቱ ከወጣ ግን ይዳናል።

እናቴም አምና እዚያው ቦታ ነበር ያበጠባት። የእሷ ካንሰር ሆነና ቀበርናት።

ሐያት እናቷን አቅፋ ስትስቅ ማየት አቃተኝ፤ ልወጣ ተነሣሁ። (ደግነቱ ሆስፒታል ውስጥ ለማልቀስ ሰበብ አያስፈልግም።)

እትዬ ዘምዘም እጄን ያዙኝ። «ምነው ልጄ?»

«ቀናሁ፣ እትዬ። በሐያት ቀናሁ።»

«ቅኚ። ብቻ እዚሁ አጠገቤ ሆነሽ ቅኚ» አሉና አልጋው ላይ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ።

በሰው ደስታ ቀንታችሁ ታውቃላችሁ? እስኪ ንገሩኝ፣ ብቻዬን አልሁን።