አዝሎኝ የወጣው ሰው

ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ወድቆብኝ ሁለቱ እግሮቼ አልታዘዝ ካሉ ወዲህ የምኖረው በጉዳት ጡረታ ነው። አምና ጡረታውን የሚከፍለኝ መሥሪያ ቤት «ድነሃል፣ መሥራት ትችላለህ» ብሎ አቋረጠብኝ። እኔም ከሰስኩ።

በቀጠሮዬ ቀን ሰበታ ፍርድ ቤት ስደርስ ችሎቱ ሦስተኛ ፎቅ ነው ተባልኩ። ሊፍት የለም። ተጠርቼ ካልቀረብኩ ደግሞ መዝገቤ ይዘጋል። ዊልቸሬ ላይ ሆኜ ደረጃውን አንጋጥጬ ሳይ ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰው አጠገቤ ቆመ።

«አካም ቡልተን፣ እንዴት አደሩ ጋሼ። ጨርሶ መቆም አይችሉም?»

አላማረኝም። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች እንደኔ ያለውን በድብቅ ፎቶ ያስነሳሉ ሲባል ሰምቻለሁ፤ እሱም ስልኩን ከእጁ አልለየም።

«ምን አገባህ?»

«ግድግዳ ይዘውም ቢሆን?»

«አልችልም አልኩህ!»

ስልኩን ኪሱ ከተተና ጀርባውን ሰጥቶኝ በርከክ አለ። «በሉ ይታዘሉ።»

ምን አማራጭ አለኝ? ታዘልኩ። እያለከለከ ሲወጣ፣ ድንገት ለቆኝ በእግሬ እቆም እንደሆነ ሊያይ ነው ብዬ ትከሻውን ጨምድጄ ያዝኩ።

ችሎት ገብተን አግዳሚው ላይ አስቀመጠኝና ላቡን እየጠረገ በተከሳሽ በኩል ሄዶ ቆመ። ለካ የመሥሪያ ቤቱ ነገረ ፈጅ ኖሯል! አለቀልኝ አልኩ።

ዳኛዋ «የተከሳሽ ክርክር ምንድን ነው?» ሲሉ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ክብርት ዳኛ፣ ከሳሽ ድነዋል ብለን ልንከራከር ነበር የመጣነው። ግን ከታች አዝዬ ያወጣኋቸው እኔ ነኝ።»