እግሩን የማያምን ጭንቅላት

በልብስ ማጠቢያ ቤቱ ከእሷ በፊት የሚደክመው ካውያው ነበር። ቅጥነቷንና ጥንካሬዋን አይተው «ሽቦ» ይሏታል። የሆቴል አንሶላ ስትተኩስ ትውልና ከሥራ ስትወጣ ወደ ሩጫ ልምምዷ ትበራለች። ሕልሟ አንድ ነው፦ በማጣሪያው ውድድር ከሦስተኛ ሳትወርድ ገብታ ለብሔራዊ ቡድን መመረጥ።

ክፋቱ ግን ሩጫው መጨረሻ ላይ ሁሌም ትሸነፋለች። አሰልጣኟ፣ ከኢንተርኔት አንድ ገጽ ባነበበ ቁጥር ለራሱ አንድ ዲግሪ የሚጨምር ሰው፣ መድኃኒቱን አገኘው።

«የሚደክመው እግርሽ አይደለም፣ አንጎልሽ ነው። እሱን እናሠለጥነዋለን!»

ከዚያ ወዲያ ከቦታው ንቅንቅ የማይል ብስክሌት ላይ አውጥቶ ስክሪን ደቀነባት። «ቀይ» የሚለው ቃል በአረንጓዴ ተጽፎ ይመጣል፤ ፔዳሉን እየመታች፣ ቃሉን ትታ ቀለሙን መለየት አለባት። ተሳሳተች? እንደገና ከሀ! ጭንቅላቷ እንደ እርጥብ ፎጣ ተጨምቆ ሲያልቅ «በይ አሁን ሩጪ!» ይላታል። እግሯ «በቃኝ» ባለ ቁጥር «ውሸታም!» ብላ እንድትጮህበት አስተማራት። መንገደኛው ያበደች መስሎት ይሸሻት ጀመር።

ታላቅ እህቷ አላስችል አላት።

«እኔ እምለው፣ ሰው ከገዛ እግሩ ተኳርፎ የት ይደርሳል?»

«ብሔራዊ ቡድን!»

እውነትም በረታች። ማጣሪያው ሲቃረብ ግን ቅልጥሟን ይወጋት ጀመር። «ውሸታም» አለችው። በውድድሩ የመጨረሻ ዙር ላይ እግሯ ውስጥ የሆነ ነገር «ቋ!» አለ። «ውሸታም!» እያለች፣ እያነከሰች ሦስተኛ ገባች፤ መስመሩን አልፋም ተዘረረች።

ሐኪሙ አስቀድሞ የተሰነጠቀ አጥንት ለሁለት መሰበሩን ነገራት፤ ብታርፍለት ኖሮ በራሱ ይድን ነበር። አሰልጣኙ አልጋዋ ሥር ቆሞ «አየሽ! አንጎልሽ አሸነፈ!» አለና ፎቶ አነሳት። ቦታዋ አራተኛ ለወጣችው ልጅ ተሰጠ። እሷንም ያው አሰልጣኝ ያሠለጥናት ያዘ።

ለሽቦ ተሰጥቶ የነበረውን የቡድኑን ማሊያ ልትወስድ ያቺው ልጅ እሷ ቤት ድረስ መጣች። ለበሰችው። ለእሷ የተሰፋ ይመስል ልክክ አለላት።

«እትዬ» አለች፣ በሩ ጋ ስትደርስ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እኔም ቅልጥሜን ይወጋኛል። አሰልጣኝ ‹አትስሚው፣ ውሸቱን ነው› አለኝ። ምን ትይኛለሽ?»

ሽቦ በጀሶ የታሸገ እግሯን ወንበር ላይ እንደሰቀለች ማሊያውን ትክ ብላ አየችው።

«አሰልጣኝሽን ስሚ» አለቻት።