ቢጫው የዝናብ ልብስ

ጀርመን አገር፣ ማርቡርግ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ ረቡዕ ረቡዕ ስለ ጥንታዊ የጀርመን ግጥም በሚሰጠው ትምህርት ላይ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው አንዲት ሴት ከወጣቶቹ መካከል ይቀመጣሉ። ፈተና የለባቸውም፤ እንደ ብዙ ጡረተኞቻችን ለመስማት ብቻ ነው የሚመጡት። ግራጫ ሹራባቸው ክርኑ ላይ ተጥፏል። ገና እንደገቡ ከቦርሳቸው ቢጫ የዝናብ ልብስ አውጥተው ከጎናቸው ያለው ወንበር ላይ ያነጥፋሉ። ሲዘንብ እሳቸው በስብሰው ይገባሉ፤ ልብሱ ግን ሁልጊዜ ደረቅ ነው። ለእሳቸው ትከሻም ጠባብ ነው። በዕረፍት ሰዓት ቅቤ የተቀባ ዳቦ ግማሹን በልተው ግማሹን መልሰው ይጠቀልሉታል።

ባለፈው ሳምንት አዳራሹ ሞልቶ ሳለ አንድ ተማሪ ጎንበስ ብሎ፣ «ይቅርታ፣ እዚህ ሰው አለ?» አላቸው።

«አለ። ልጄ ናት፤ ሁሌ እንዳረፈደች ነው።»

«እኔም እንደሷው ነኝ። እስክትመጣ ቦታዋን ላሙቅላት?»

ሳቁ። እጃቸውን ግን ከልብሱ ላይ አላነሱም። ወጣቱ ሄዶ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ልጅቷን ግን ማናችንም አይተናት አናውቅም።

ትምህርቱ ሲያልቅ እኛ ዘንድ አይጨበጨብም፤ ጠረጴዛው በጣት አንጓ ይንኳኳል። እሳቸውም ከሁላችን ጋር የራሳቸውን አንኳኩ። አዳራሹ ጸጥ ሲል ወደ ጎን ዘንበል ብለው፣ ከቢጫው ልብስ ፊት ያለውን ጠረጴዛ በአንድ ጣት ቀስ አድርገው መቱት፤ የተኛ ሰው በር እንደሚንኳኳው። ከዚያም፣ እንደ ሁልጊዜው፣ ትንሽ ጠበቁ።