አፍራሹና የእድሩ ድንኳን

አፍራሽ የሚለውን ቃል ያወቅኩት ልጅ ሳለሁ፣ ከሬዲዮ ነው። «አፍራሽ ኃይሎች» ሲባል ቁመታቸው ከቆርቆሮ ጣራ በላይ የሆነ፣ ድልድይ በክርናቸው የሚንዱ ሰዎች ይታዩኝ ነበር። ቃሉ ድንበር ተሻግሮ ጁባ ድረስ ይፈልገኛል ብዬ በምን ልጠርጥር?

የመጣው በድንኳን ሰበብ ነው። እዚህ ያለን ኢትዮጵያውያን፣ ጴንጤውም ሙስሊሙም፣ አንድ እድር ነን። ድንኳኑ የሚወጣው ለልቅሶ ብቻ ነው፤ ቁልፉ እኔ ዘንድ፣ ፈቃዱ ሊቀመንበሩ ዘንድ። ታዲያ አንድ ቀን የኮር ዊሊያም ሰፈር ጎረቤቴ፣ ሙስሊሙ ነጋዴ፣ ከወንዙ ወደብ ደወለ። ስኳሩ ከጭነት ጀልባ ወርዶ ሜዳ ላይ ተከምሯል፤ የመጣው ደመና ኖኅን እንኳ የሚያስደነግጥ ነው። ሊቀመንበሩ ስልክ አያነሱም። ድንኳኑን ጭኜ በረርኩ። ወዛደሮቹ «ያላ! ያላ!» እያሉ ዘረጉት፤ ስኳሩ ዳነ።

በማግስቱ ሊቀመንበሩ፣ ኮሎሎ ሰፈር ዳቦ ቤት ያላቸው ሽማግሌ፣ ሱቄ ድረስ መጡ።

«የልቅሶ ድንኳን ለስኳር? አንተ አፍራሽ ነህ!»

«ጋሼ፣ ምን አፈረስኩ?»

«ሥርዓት! ዛሬ ስኳር፣ ነገ ሠርግ። ሰው ሲሞትስ? እሁድ ጉባኤው ያሰናብትሃል።»

ሳቅኩ። እሳቸው ሲሄዱ ግን መቀመጫ አጣሁ። ዘመድ በሌለበት አገር ያለ እድር ማን ይቀብረኛል? ሬሳዬን ቦዳ ሞተር ላይ አፈናጥጠው ከተማውን ሲያዞሩት ታየኝ። ደግሞ እውነታቸውን ነው፤ ያን ዕለት አንዳችን ብንሞትስ?

«አይዞህ፣ እኛ እንቀብርሃለን» አለኝ ጎረቤቴ።

«በየትኛው ሃይማኖት?» ብዬ ጮህኩበት።

ቅዳሜ ሰማዩ እንደገና ጠቆረ። ስልኬ ጮኸ። ሊቀመንበሩ ናቸው።

«ወንድሜ፣ ዱቄቴ ወደብ ላይ ነው።»

«እግዜር ያድርቀው፣ ጋሼ።»

«አትቀልድ! ድንኳኑን...»

«ለልቅሶ ነው?»

«ዱቄቱ ከራሰማ ልቅሶ ነው!»

ወደብ ላይ ዝናቡ እየወረደብን፣ የድንኳኑን ገመድ እሳቸው በአንድ ወገን፣ እኔ በሌላው እየሳብን፣ «እሁድስ?» አልኳቸው።

«እሁድ ደንቡን እናሻሽላለን።»

ለካ ወንበር ላይ ያለ ሰው ሲያፈርስ ማሻሻል ነው የሚባለው!

ደንቡ ተሻሻለ፤ እኔም ከእድሩ አልወጣሁም። ግን እስከ ዛሬ፣ ደመና ባየሁ ቁጥር ኪሴ ውስጥ ቁልፉን እዳስሳለሁ፤ ድንኳኑ ወደብ ላይ ሳለ ሰው እንዳይሞትብኝ እየፈራሁ።