አብሮኝ የተማረው «ወጣት»

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት የበልጉ ዝናብ ሊያበቃ ሲል ነው። አልፏል፣ ተረስቷል የሚሉኝ አሉ። እኔ ግን ዛሬም ጥጥ እየፈተልኩ ድንገት ትዝ ሲለኝ እንዝርቱን አስቀምጬ ብቻዬን እቆጣለሁ። ግማሹ ቁጣ በአንድ ሰው ላይ ነው፤ ግማሹ በራሴ ላይ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነውና የጎደለ ቢኖር እለፉኝ። እንደ እኔ ፈሪ የሆነች እናት ካለች ግን ታንብበው።

የተወለድኩት ኦቾሎ ነው። የምኖረው አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ፣ ከሴቻ ዳገት ሥር ነው። ባለቤቴ አዲስ አበባ ሸማ ይሠራል፤ የሚመጣው ለመስቀልና ለፋሲካ ነው። ልጆቼን አብዛኛውን ጊዜ ለብቻዬ ስላሳደግኩ ይሁን በተፈጥሮዬ አላውቅም፣ ስጋት አይለቀኝም። ልጅ ትንሽ ከዘገየ በር ላይ ቆሜ ነው የምጠብቀው። የጎረቤቴ ልጅ ወደ ዐረብ አገር ሄዳ ድምፅዋ ከጠፋ ዓመታት ሆነዋል። የእናቷን ፊት በየቀኑ እያየሁ ጉዞ የሚባል ነገር መስማት ጠልቼ ነበር።

ትልቋ ልጄ ምሕረት ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሥራ ስታጣ እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። ዝናብ በመጣ ቁጥር ከዳገቱ የሚወርደው ጎርፍ ሰፈራችን ይገባል። አንድ ጊዜ ባለቤቴ ሲመጣ የሚሠራበትን የሸማ ጉድጓድ ጭቃ ሞልቶት በባልዲ ስናወጣ ሰንብተናል። ምሕረት የሰፈሩን ወጣቶች ሰብስባ በየቅዳሜው ዳገቱ ላይ ቦይ መቆፈርና ቦረቦሩን በድንጋይ መከተር ጀመረች። መጀመሪያ ሰባት ነበሩ። ሰው ሁሉ «ደመወዙ ስንት ነው?» እያለ ይስቅባቸው ነበር። ከሳቁት ውስጥ ብዙዎቹ በኋላ ራሳቸው ድንጋይ ተሸከሙ። በሚቀጥለው ክረምት ጎርፉ ቤታችን ሳይገባ በዳር በኩል አለፈ።

ወሬው ተሰማ። ኬንያ ውስጥ ከብዙ የአፍሪካ አገሮች የሚመጡ ወጣቶች ስለ መሪነት የሚነጋገሩበት ስብሰባ ስላለ ከእናንተም አንድ ሰው ምረጡ የሚል ደብዳቤ መጣ። ዕድሜው ከሠላሳ አምስት ዓመት በታች የሆነ ይላል። ወጣቶቹ ተሰብስበው እጅ አወጡና ምሕረትን መረጡ። ፓስፖርቷን አውጥታ ጉዳዩን ለያዘው መሥሪያ ቤት አስረከበች። ከዚያ በኋላ መስተዋት ፊት እየቆመች የምትናገረውን ትለማመድ ጀመር። «እማ፣ የእኛን ክትር አሳያቸዋለሁ» ትለኛለች። እኔ «እሰይ ልጄ» እላለሁ። እሷ ስትወጣ ግን የጎረቤቴ ልጅ ትታየኛለች።

በዚያ መሥሪያ ቤት አንድ ያገሬ ልጅ ይሠራል። ስሙን አልጽፍም፤ ልጆች አሉት። ኦቾሎ አብረን ስንማር የክፍላችን አለቃ ስለነበር አለቃ ልበለው። ያኔም በዕድሜ ከእኔ ይበልጥ ነበር። እኔ የወተት ጥርሴ ሲነቀል የእሱ ድምፅ ጎርንኖ ነበር።

ለምሕረት ሳልነግራት ከጨንቻ የመጣ ፖም በዘንቢል ይዤ ቢሮው ሄድኩ።

«አንተ፣ ልጄን ብቻዋን እንዳትልኳት» አልኩት። «አውሮፕላን ማረፊያ ብትጠፋብኝስ? አንድ ትልቅ ሰው አብሯት ይሂድ። አደራህን!»

ሳቀብኝ። «አንቺ ዛሬም ያው ፈሪ ነሽ? እኔ እያለሁ? ምሕረት እኮ የእኔም ልጅ ናት።»

«እሱማ ናት።»

«በይ እንግዲህ፣ በአፍ ብቻ አይሆንም። በጽሑፍ ይሁንና ፋይል ውስጥ ይግባ። እኔው እጽፍልሻለሁ።»

ጻፈ። እናት እንደመሆኔ ለልጄ ደኅንነት እሰጋለሁ የሚለውን ጮክ ብሎ አነበበልኝ። የቀሩትን መስመሮች «ያው የቢሮ ቋንቋ ነው» ብሎ ዘለላቸው። እኔ ሳነብ ጣቴን ፊደሉ ላይ እያስኬድኩ፣ አፌን እያንቀሳቀስኩ ነው። እሱ ፊት እንደዚያ ማንበብ አፈርኩ። ያገሬ ልጅ ነው፣ አብሮኝ የተማረ ነው ብዬ ፈረምኩ። ፖሙን ተቀበለኝ። ባጃጅ ውስጥ ስገባ አማተብኩ፤ ሸክም የወረደልኝ መስሎኝ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሽኝት አለ፣ ቤተሰብም ይምጣ ተባለ። ባለቤቴ የሠራልኝን ነጠላ ለብሼ ከምሕረት ጋር በሚኒባስ ሴቻ ወጣን። አዳራሹ ሞልቷል። መድረኩ ላይ ስለ ወጣቶችና ስለ አፍሪካ ነገ የሚል ትልቅ ጨርቅ ተሰቅሏል። ከፊት ሶፋ ላይ የተቀመጡት ፀጉራቸው የሸበተ ሰዎች ናቸው። ወጣቶቹ ከኋላ በፕላስቲክ ወንበር፣ ወንበር ያልደረሳቸው ደግሞ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል።

አለቃን መድረኩ ላይ አየሁት። ለወጣቶቹ የታደለውን ቢጫ ቲሸርትና ኮፍያ አድርጓል፤ ቦርጩ ቲሸርቱን ወጥሮታል። እኔ ሞኟ ደስ አለኝ። አብራት የሚሄደው ትልቅ ሰው እሱ ነው ብዬ አሰብኩ። እንዲያውም «አየሽ፣ ብቻሽን አይደለሽም» ልላት ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብዬ ነበር።

ስብሰባውን የሚመራው ሰው ረጅም ንግግር አደረገ። ወጣቱ ተስፋ ነው፣ ወጣቱ ነገን ይረከባል አለ። ተጨበጨበ። ከዚያ ወረቀት አነሳ።

«ተመርጣ የነበረችው እህታችን ወላጅ እናት፣ ልጃቸው ገና ለጋ በመሆኗ መሄዷን እንደማይፈቅዱና በምትኳ በሳል ሰው እንዲላክ በጽሑፍ ጠይቀዋል። የቤተሰብን ሐሳብ እናከብራለን። ስለዚህ አካባቢያችንን ወክሎ የሚጓዘው ወጣት…» ብሎ የአለቃን ስም ጠራ። አለቃ ተነሥቶ ኮፍያውን ከፍ አድርጎ እጅ ነሣ።

በሕይወቴ ሰው በተሰበሰበበት ተናግሬ አላውቅም። ዕድር ላይ እንኳ ከኋላ ነው የምቀመጠው። እንዴት እንደቆምኩ አላስታውስም።

«ማነው ወጣት?» አልኩ። «የልጅቷ እናት እኔ ነኝ። ይሄ ሰውዬ ኦቾሎ አራተኛ ክፍል አብሮኝ ተምሯል። ያውም ከእኔ ይበልጣል። እኔ አርባ አምስት ዓመቴ ነው። እሱ ወጣት ከሆነ እኔም ወጣት ነኝ፤ እኔን ላኩኛ!»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ከኋላ አንዱ «እማማን እንምረጥ!» ብሎ ጮኸ።

«እናታችን፣ መድረኩን እናክብር። ይቀመጡ» አለ ሰብሳቢው።

«አልቀመጥም። እኛ አገር ሽማግሌ በሚሰበሰብበት በዱቡሻው ላይ፣ ሊናገር የቆመ ሰው ሳይጨርስ ተቀመጥ አይባልም። ሴት መሀል ባትቀመጥም ከዳር ሆነን ሰምተናል። እኔ ሰው አብሯት ይሂድ አልኩ እንጂ ትቅር አላልኩም!»

አለቃ ማይኩን ተቀበለ። አልተቆጣም፤ እንዲያውም ፈገግ አለ። «እህቴ፣ ረስተሽው ይሆናል። ፊርማሽ እኮ ይኸው» ብሎ ወረቀቱን ወደ ሕዝቡ ዘረጋው። ከሩቅ አወቅኩት። የእኔው ጠማማ ፊርማ ነው።

ሰብሳቢው «ጉዳዩን እናየዋለን» አለና ሙዚቃ ተከፈተ። ሳቁ ቆሞ ነበር። ምሕረትን አየኋት። መድረኩን አልነበረም የምታየው፤ እኔን ነበር።

ውጭ ስንወጣ ጓደኞቿ ራቅ ብለው ቆሙ።

«እማ፣ ፈርመሻል?»

«ፈርሜያለሁ፣ ግን ልጄ…»

«ግኑን ለእነሱ ንገሪያቸው» አለችኝ። እስከ ሲቀላ ድረስ በመስኮት እያየች ሄደች። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ወጣቶቹ እኛ ግቢ ተሰብስበው አቤቱታ ጻፉ። እኔም ያልኩትንና ያላልኩትን እንዲጽፉልኝ ጠየቅኩ። ጽፈው ሲሰጡኝ፣ ሁሉም እያዩኝ ጣቴን ፊደሉ ላይ አስኬድኩና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጮክ ብዬ አነበብኩት። ጊዜ ወሰደብኝ። አንድም ልጅ አልሳቀም። ከዚያ ፈረምኩ።

ወረቀቱን ይዘን መሥሪያ ቤቱ ስንሄድ የተቀበለን ሠራተኛ ቀና ብሎ እንኳ አላየንም። «ቲኬቱ በስሙ ተቆርጧል» አለ። «ቦታው እንዳይባክን ነው።»

«ዕድሜውስ?» አለች ምሕረት።

«መታወቂያው ሠላሳ አራት ይላል። እኛ የምናምነው መታወቂያ ነው።»

አላስቻለኝም። «የበኩር ልጁ ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው» አልኩ። «በሰባት ዓመቱ ነው የወለደው?»

ሠራተኛው ሳቁን ለመዋጥ አፉን በእጁ ሸፈነ። ቢስቅስ ምን ዋጋ አለው? አለቃ ኬንያ ሄደ።

ሲመለስ በየሰው ስልክ ፎቶው ዞረ። አንገቱ ላይ ባጅ አንጠልጥሎ ከልጆቹ እኩያዎች ጋር ቆሟል። ከሁሉም የባሰብኝ ግን ሌላ ነው። እዚያ ለተሰበሰቡት «የሠራነው ሥራ» ብሎ ያሳየው ፎቶ የእነምሕረትን ክትር ነው። ፎቶውን ከዚያ በፊት ቤታችን አይቼዋለሁ። ድንጋይ የሚያቀብለው እጅ የልጄ እጅ ነው። እሱ ባሳየው ላይ እጇ አለ፤ ፊቷ ተቆርጧል።

ቀጥሎ ልምዱን ሊያካፍል ወጣቶቹን በሙሉ አዳራሽ ጠራ። ቀኑ ቅዳሜ ነበር። አንድም አልሄደለትም። ሁሉም ዳገቱ ላይ ነበሩ፤ እኔም ውኃና ቆሎ ይዤላቸው ወጥቻለሁ። ልምዱን ለመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞችና ለባዶ ወንበር አካፈለ ብለው አወሩልኝ።

አንድ ቀን ሲቀላ ገበያ ላይ ፊት ለፊት ተገጣጠምን። እንደ ደህና ሰው እጁን ዘረጋልኝ።

«እህቴ፣ ቂም ያዝሽ እንዴ? ልጅሽ እኮ ገና ናት። ብዙ ዕድል ይመጣላታል።»

«አንተም ገና ነህ» አልኩት። «ስታድግ ልብ ትገዛለህ።»

ሙዝ የምትሸጠዋ ሴት እንደሳቀች ጥዬው ሄድኩ።

በእኛ በጋሞ አደራ መብላት ጎሜ ነው፤ ያደረገውን ሰው ነውሩ ይከተለዋል፣ ለልጆቹም ይተርፋል ይባላል። ቄሶቻችን ይህን አትመኑ ይሉናል። እኔም በልጆቹ ላይ ክፉ አልመኝም። ነገር ግን ይቅር አላልኩትም፤ ውሸት ልጽፍ አልችልም። በየስብሰባው ነገን ለወጣቱ እናስረክባለን ሲሉ እሰማለሁ። የአንዲት ልጅን የአንድ ሳምንት ጉዞ ማስረከብ ያቃተው ሰው ነገን እንዴት አድርጎ ነው የሚያስረክበው?

ለሠራሁት ነገር ምሕረትን ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። «ተይው እማ፣ አንቺን አታለለሽ እንጂ ምን አደረግሽ» አለችኝ። ታከብረኛለች፣ እንደ ድሮው ታግዘኛለች። ግን አንድ ነገር ተለውጧል። ድሮ የትም ስትሄድ «እማ፣ ልሂድ?» ብላ ነበር የምትጠይቀኝ። ባለፈው ወር ጨንቻ ያሉ ወጣቶች ክትር አሠራር አሳዪን ብለው ጠርተዋት ሁለት ቀን አድራ ተመለሰች። መሄዷን የሰማሁት ጫማዋን በር ላይ እያወለቀች ሳለ ነው።

«ጨንቻ ሄጄ መጣሁ» አለችኝ።

የት አደረች ብዬ ሁለት ቀን ሙሉ ስጨነቅ ቆይቼ ነበር። ልቆጣት አፌን ከፈትኩ። ከዚያ የፈረምኩት ወረቀት ትዝ አለኝ።

«እንኳን ደህና መጣሽ» ብዬ እግሯን የምትታጠብበት ውኃ ላመጣላት ተነሣሁ።