የመምህር ወርቅነህ የዱር አተር

ያን ጠዋት ትምህርት ቤት ስደርስ ከላቦራቶሪው ጀርባ ያለው አጥር ተገርስሶ ጠበቀኝ። አተሩ ከነሥሩ ተነቅሎ አፈሩ ላይ ተጋድሟል... ሦስት የአብዮት ጥበቃ ሰዎች ደግሞ ፍሬው ያለበት ቆባ ላይ የታሰሩትን ትንንሽ የጨርቅ ከረጢቶች እየፈቱ ውስጣቸውን ይፈትሻሉ።

በደርግ ጊዜ ነው። እኔ እዚሁ ድሬዳዋ ኬሚስትሪ አስተምር ነበር። የአተሩ ባለቤት የባዮሎጂው መምህር ወርቅነህ ነው። ከደጋ ተመድቦ የመጣ፣ ሙቀቱ ያልተስማማው፣ ግን እንደኛ እንደ ድሬ ልጆች «አቦ» ማለት የሚወድ ሰው።

ወርቅነህ ወታደር ማሰልጠኛው ወዳለበት ወደ ሁርሶ በሚወስደው መንገድ ዳር የዱር አተር አገኘና ገበያ ከሚሸጠው የቆላ አተር ጋር በእጁ አዳቀለው። ከሰዓት በኋላ ሌላው መምህር ጫቱን ይዞ በርጫ ሲቀመጥ፣ እሱ አበባ ላይ ተደፍቶ በወረንጦ ሲታገል ይውላል።

አንድ ቀን መምህራን ክፍል መስኮት ላይ ሁለት ብርጭቆ ውሃ አስቀመጠ። በአንዱ የገበያው አተር በሦስት ቀኑ በቀለ። በሌላው የዱሩ እንደ ጠጠር ቁጭ ብሏል።

«ሞቷል እንዴ?» አልኩት።

«አልሞተም አቦ! ቆዳው ወፍራም ነው፣ ውሃ አያስገባም። ዱር ውስጥ ሁሉም በአንድ ዝናብ በቅሎ ዝናቡ ቢቀርስ? ዘሩ አለቀ ማለት ነው። ስለዚህ ግማሹ ይቆያል።»

ስለ ቆባው ሲያወራማ ምሳውን ይረሳል። «የዱሩ ሲደርስ ጧ ብሎ ፈንድቶ ዘሩን ይበትናል። የተገራው ግን ዝም ብሎ አጫጁን ይጠብቃል። የጥንት ሰው የተበተነውን ከየት ያግኘው? ተክሉ ላይ የቀረውን ለቀመ፣ እሱኑ መልሶ ዘራ... ሳያውቀው ዝም የሚለውን መረጠ። ምክንያቱ ከወላጅ የምትወረስ አንዲት ጂን ብትሆንስ ዘይነብ?»

ካዳቀላቸው የበቀሉት የመጀመሪያዎቹ በሙሉ ፈነዱ። እኔ አዘንኩለት፣ እሱ ሳቀ።

«አለመፈንዳቱ አልጠፋም፣ ተደብቆ ነው። የእነዚህን ልጆች ጠብቂ።»

ፍሬያቸውን መልሶ ዘራ። ሲፈነዱ ዘሩ እንዳይጠፋበት ነው ከረጢት ያሰረባቸው። ከአራት ተክል አንዱ ሳይፈነዳ ይቀራል ብሎ ገምቷል... ግን ቆጥሮ ማረጋገጥ ነበረበት። ለመድረስ አንድ ሳምንት ሲቀራቸው ነው ያ ጠዋት የመጣው።

ዳይሬክተሩ ቢሮ ተጠራሁ። ዳይሬክተሩ የለም፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ካድሬው ነው።

«ጓድ ዘይነብ፣ ወርቅነህ ወታደር ማሰልጠኛው አካባቢ ምን ይለቅም ነበር?»

«አተር።»

«አተር!» ብሎ ሳቀ። ከዚያ አንድ ተማሪ ክፍል ውስጥ ከወርቅነህ የሰማውን የጻፈበትን ወረቀት አነበበልኝ። «የተገራው ዝም ብሎ አጫጁን ይጠብቃል፣ የዱሩ ግን ይፈነዳል... አጫጁ ማነው?»

«ስለ ተክል እኮ ነው የ...»

«ብሏል ወይስ አላለም?»

ሁለት ልጆች አሉኝ። ባለቤቴ ባቡር ጣቢያ ነው የሚሠራው። ሁሉም በአንዴ መጣብኝ።

«ብሏል።»

«እዚህ ጋ ፈርሚ።»

ፈረምኩ።

ወርቅነህን ከክፍል ነው የወሰዱት፣ ጠመኔው እጁ ላይ እንዳለ። ዘጠኝ ወር ታሰረ። ሚስቱ ስንቅ ይዛ የደቻቱን ወንዝ ድልድይ ስትሻገር ባየኋት ቁጥር ፊቴን አዞርኩ።

ሲፈታ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፎቹ ጥላ ሥር ፊት ለፊት ተገጣጠምን። ከስቷል። ሁለት የፊት ጥርሶቹ የሉም። መሸሻ አጣሁ።

«ወርቅነህ... እኔ...»

«የፈረምሽውን አሳይተውኛል» አለኝ። ምነው በተቆጣኝ! «ምን ታደርጊ... ውሸት አልጻፍሽም። ብያለሁ እኮ።»

ከዚያ፣ «ከተነቀሉ በኋላ እዚያው ሲደርቁ ስንቱ እንዳልፈነዳ ያየ ሰው ይኖራል?» አለ።

«የለም።»

ራሱን ነቀነቀ። ቤተሰቤን ደህና ናቸው ወይ ብሎ ጠይቆኝ ሄደ። በወሩ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር አዛወሩት፣ ማስተማር ከልክለው መዝገብ ቤት መደቡት ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። ይቅርታ የምትለዋን ቃል እንኳ አልጨረስኩለትም።

ባለፈው ልጄ ስለዚያ ዘመን ስናወራ ድንገት «እማ፣ አንቺስ በሰው ላይ በሐሰት መስክረሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

«አላውቅም» አልኳት።

እውነቴን ነው... የሚያንገበግበኝም እሱ ነው።